የእጅ ሥራ ዓምድ፦ ለጤና አዳም የምትሆን የእንጨት ሣጥን

ዛሬ የምናነሳው ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው፤ አበባ ወይም ጤና አዳም የሚተከልባት፣ በረንዳ ላይ ወይም በር ሥር ተቀምጣ ቤት የምታሳምር።

ኢምባካሲ የምንኖር ሐበሾች አብዛኞቻችን ተከራይ ነን። ግቢው የአከራይ ነው፣ ያውም ሲሚንቶ የፈሰሰበት። ያልፈሰሰበትም ቢሆን ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲዘንብ አብጦ ጫማ ይውጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ «ዛሬ ነገ ፕሮሰሴ ያልቃል፣ ለምን ብዬ እተክላለሁ?» ይላል። እንዲህ እያለ ስንት ዓመት ያለ አንዲት ቅጠል የተቀመጠ ሞልቷል! ሣጥን ግን ቤት ሲለቀቅ አብሮ ይነሳል።

እንጨቱ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው የኮንቴይነር ደረቅ ወደብ እዚሁ ኢምባካሲ ስለሆነ አሮጌ ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ማግኘት አይከብድም። ርካሽ ነው ተብሎ ግን ዝም ብሎ አይወሰድም። ድንበር የሚሻገር ፓሌት ተባይ እንዳያዛምት ወይ በሙቀት ይታከማል ወይ በመርዝ ጋዝ ይታጠናል፤ የትኛው እንደተደረገለት ጎኑ ላይ ባለው ማህተም በፈረንጅ ፊደል ይጻፋል። «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት ነው፣ ውሰዱት። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ጋዝ የታጠነ ነው፣ ይቅርባችሁ። ማህተም የሌለውን፣ ዘይት የጠጣውንና የሚሸተውንም ተዉት። የሚበላ ቅጠል ሊበቅልበት ነዋ!

ከተጠራጠራችሁ ከእንጨት መሸጫ የፈረንጅ ጽድ ግዙ። ጣውላውን «ምባኦ»፣ ምስማሩን «ሚሱማሪ» በሉት፤ የሚለካው በጫማ ነው። ስፋቱ 4 ኢንች፣ ውፍረቱ 1 ኢንች የሆነ 15 ጫማ ጣውላ፣ ለማዕዘኑ ደግሞ 2 በ2 ኢንች የሆነ 3 ጫማ ይበቃል።

ከጣውላው 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት፣ 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁረጡ፤ ከማዕዘኑ እንጨት 20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት። መጀመሪያ አጫጭሮቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በሁለት ማዕዘን ላይ ምቱ፤ ሁለቱ ጫፎች ወጡ ማለት ነው። ቀጥሎ ረጃጅሞቹን በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ የቀሩትን ሁለቱን ከሥር። ጣውላው እንዳይሰነጠቅ የምስማሩን ጫፍ በመዶሻ ትንሽ አደንዝዙት፤ የቆዩ አናጢዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ከሥር ጣት የሚያህሉ አምስት ቀዳዳዎች ብሱ። በተረፈችው ቁራጭ ሁለት እግር ምቱላት፤ መሬት ላይ የተኛ እንጨት ቶሎ ይበሰብሳል።

ውስጡን ለማልበስ ፌስታል አትፈልጉ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላዋለች። የተቀደደ ማዳበሪያ ይሻላል፣ ውኃም ያሳልፋል። ውጭውን ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ከፈለጋችሁ የተልባ ዘይት ቀቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ኧረ በጭራሽ!

አፈሩ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መረሬውን ብቻ ከሞላችሁት ሥሩ ይታፈናል፤ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የቆየ ፍግ ቀላቅሉ። ውኃ ሲጠጣ 20 ኪሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ፎቅ ላይ ያላችሁ የበረንዳ ብረት ጫፍ ላይ አታስቀምጡት፣ ከታች የሰው ልጅ ይጫወታል። ውኃ በጀሪካን ለምንገዛ ሰዎች ሩዝና አትክልት የታጠበበት ይበቃዋል። በረኪና የገባበት ግን አይሆንም።

ጤና አዳም የናይሮቢ አየር ይስማማዋል፣ ለቡናችንም ይደርስልናል። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሕፃናትም አይጫወቱበት። ካኩማ ላላችሁ አንባብያን ከእሱ ይልቅ በሶብላ ይሻላል፤ ሙቀት ይወዳል። ሣጥኑን ግን የከሰዓት ጥላ ያለበት አድርጉት።

ፕሮሰሱ ያለቀለት ሰው ሣጥኑን አውሮፕላን ላይ አይጭነውም፤ ለጎረቤት ይቀራል። ጎረቤት የራሱን መጀመር ከፈለገ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ያላበበ ቅርንጫፍ ይቁረጥ፣ የታችኛውን ቅጠል ይላጭ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክቶ ጥላ ሥር ያኑረው። ለጥቂት ሳምንታት አሸዋው እንዳይደርቅ እንጂ ሌላ ነገር አይፈልግም።