ፎቶው ከታተመ በኋላ

በፎቶ ጋዜጠኝነት ትምህርት ስለ ሥነ ምግባር ሲነሳ ኬቨን ካርተር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ደቡብ አፍሪካዊው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1993 አዮድ በተባለች የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን መንደር በረሀብ የደቀቀ ሕፃን መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ከኋላውም ጥንብ አንሳ ቆሞ አገኘና አነሳው። ምስሉን ኒው ዮርክ ታይምስ አተመው፤ በ1994 የፑሊትዘር ሽልማት አስገኘለት፤ ከሽልማቱ ከጥቂት ወራት በኋላም ካርተር ራሱን አጠፋ። ተማሪው ሁሉ የሚከራከርበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ካሜራውን አስቀምጦ ልጁን ማንሳት አልነበረበትም ወይ?

ጋምቤላ ላለ የጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ጥያቄ ጎዶሎ ሆኖ ይታየኛል። አዮድ የምትገኝበት ጆንግሌ የክልላችን ጎረቤት ነው፤ የአዮድ ሰዎችም የሚናገሩት እዚህ ባሮ ዳር የሚነገረውን ኑዌርኛ ነው። ፎቶውን ልብ ብሎ ላየው ደግሞ በሕፃኑ እጅ ላይ የእርዳታ ጣቢያ የፕላስቲክ ማሰሪያ አለ። ልጁ በጣቢያው ተመዝግቦ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የስፔኑ ኤል ሙንዶ ጋዜጠኞች አዮድ ድረስ ሄደው አባቱን አገኙ። ዓለም «ሴት ልጅ» ሲላት የኖረችው ወንድ ነበር፤ ከረሀቡም ተርፎ ከዓመታት በኋላ በሕመም ሞቷል። በእነዚያ 18 ዓመታት ዓለም ስለ ካርተር ሕሊና ሲከራከር፣ የልጁን ስም ፈልጎ የሄደ አልነበረም። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሹተሩን መጫን የሰከንድ ሥራ ነው፤ ምስሉ ግን ዕድሜ ልክ ይዞራል፣ የፎቶ ጋዜጠኛውም ከባድ ኃላፊነት የሚጀምረው ያኔ ነው።

የእኛ ሕግ ይህን ቀደም ብሎ አስቦበታል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን ሕዝብን የሚመለከት ወይም በሕዝብ ፊት የተፈጸመ ጉዳይ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ዜና ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ በር ያልፋል።

ፈቃድ ተጠየቀ ሲባልስ እንዴት ነው? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡት ስደተኞች ከ300 ሺህ በላይ ሆነዋል። ቴርኪዲ ወይም ኩሌ ካምፕ ራሽን ካርድ ይዛ የተሰለፈች እናት ፊት ካሜራ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በእርዳታ ድርጅት መኪና ነው፤ አስተርጓሚውም ከድርጅቱ ሠራተኞች አንዱ ይሆናል። እናትዮዋ «እሺ» ትላለች። እምቢ ብትል እህሉ ይቀርብኝ ይሆን ብላ ሰግታ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ጋዜጠኛው ሰልፉ አልቆ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ ከድርጅቱ ውጭ በሆነ አስተርጓሚ ቢጠይቃት የምትመልሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ የአንድ ከሰዓት ልዩነት ነው፤ ቸኩያለሁ የሚል ባለሙያ ምክንያቱ አያሳምነኝም።

በጋምቤላ ሌላም ጉዳይ አለ። ስም መደበቅ ብቻውን ሰው አይሸሽግም። በባህሉ ወግ ያለፈ የኑዌር ወንድ በግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ይዞ ይኖራል። ዓይኑን በጥቁር ብትሸፍን ግንባሩ ማንነቱን ይናገራል። ሰላም በሆነ ጊዜ ይህ ኩራት ነው። በኑዌርና በአኙዋ መካከል ግጭት በተነሳ ሰሞን ግን በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞር አንድ ፊት፣ ከሥሩ ማን ምን እንደሚጽፍበት አይታወቅም። ታጣቂዎች ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማን ካጠቁ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ነዋሪዎችን መግደላቸውን ይፋ አድርጓል። ከታጣቂዎቹ ጋር አብረሃል የሚል ጥርጣሬ እንዲህ በሚገድልበት ቀን ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደታየ የሚያሳይ ፎቶ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

ታዲያ ካሜራውን እንጣለው? አይደለም። ያ ግድያ እንዲጣራ ያየ ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ፎቶም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ባይቀርጽ ኖሮ የተደበቀው ተደብቆ በቀረ ነበር። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀጣጥሎ ንጉሡ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ በቴሌቪዥን ማሳየቱም ምስል ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ይመሰክራል። የወሎ ረሀብተኞች በዚያ ምሽት ለምን ዓላማ እንደሚታዩ የጠየቃቸው የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ይለዩ እላለሁ፦ ስም መጠየቅና ስም ማተም። ጋዜጠኛ የሚያነሳውን ሰው ስምና መንደር ሁልጊዜ በማስታወሻው ይያዝ፤ ማተሙን ደግሞ እንደ አደጋው ይወስን። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ስሙን ሳንጠይቅ ፊቱን እናትማለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ድንበር የተሻገሩ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። በዚያን ጊዜ ፎቶ የተነሳ ልጅ ካለ፣ የፈቀደለት ወይም የፈቀደበት ትልቅ ሰው ነው። ዛሬ ግን ልጁ አድጓል፤ ስልክ ይዞ የራሱን ፊት ኢንተርኔት ላይ ሊያገኘው ይችላል። ፎቶው ያላቸው ተቋማት አሁን ራሱን ሊጠይቁት፣ አልፈልግም ካለም ሊያነሱት ይገባል። ያኔ ስሙን የመዘገበ ከሌለ ግን ማንን ፈልገው ይጠይቃሉ?