የአርሲ ፍቅር በሲኒማ ያጣው ቦታ

የአርሲ ደጋ ለዓለም የሲኒማ ተመልካች እንግዳ አገር አይደለም፤ የአሰላው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ የታየበት «ኢንዱራንስ» በ1991 ዓ.ም.፣ የበቆጂን ልጆችና አሠልጣኛቸውን ስንታየሁ እሸቱን ያስተዋወቀው ዘጋቢ ፊልም «ታውን ኦፍ ረነርስ» በ2004 ዓ.ም.፣ በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ታሪክ መነሻ የሆነው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ይህን ምድር በየአህጉሩ አሳይተዋል። ሆኖም ሦስቱን ሥራዎች አስተያይቶ የሚመረምር ሰው፣ የአርሲን ልጅ በሩጫ ስትደክምና በጠለፋ ስትነጠቅ ያያታል እንጂ፣ እንደ ማንኛዪቱም የሔዋን ልጅ ወድዳ፣ መርጣና ተመርጣ፣ አግኝታ ወይም አጥታ ስትኖር አያያትም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ጉድለት ነው።

«ድፍረት»ን ለማቃለል አልተነሣሁም። ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ ይፈቅድ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ የተሻረው፣ እንደ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ያሉ የሕግ ሴቶች ባደረጉት ተጋድሎ ጭምር ስለ ሆነ፣ ይህ ገድል በፊልም መታሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፊልሙ የሚናገርበት ልሳን አማርኛ በመሆኑ፣ ከኢተያ እስከ በቆጂ በየማሳውና በየገበያው የሚሰማው አፋን ኦሮሞ በገዛ አገሩ ታሪክ ውስጥ ዝም ብሏል።

የገጠሩን ሰው ከፍቅር ታሪክ የማራቁ ነገር የቆየ ነው። በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው»፣ ኢላላ ኢብሳ ያዘጋጁት፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ የመሩት፣ የፍቅርንና የመከዳትን ነገር ይዞ የተነሣ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጣው የፍቅር ፊልማችን ግን አፍቃሪና ተፈቃሪ ለመሆን የተፈቀደለት በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ሲሆን፣ አነጋገሩ የገጠር የሆነው ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ሆኖ ተመልካቹን እንዲያስቅ ይጠራል፤ ይህንም ነውር ብዬ ከመጥራት አልመለስም።

የባላገሩ ፍቅር በሌላ አገር ሲኒማ ግን ቦታ አግኝቷል፤ በፊሊፒንስ ዳይሬክተሩ ሊኖ ብሮካ በ1967 ዓ.ም. ያወጣው የማኒላ ፊልም፣ ሁልዮ የተባለውን የባላገር ዐሣ አስጋሪ ወዳጁን ሊጋያን ፍለጋ ወደ ዋና ከተማው አምጥቶ፣ የድኻውን ፍቅር ሙሉ የሰው ልጅ ፍቅር አድርጎ በክብር አቁሞታል። በዚያው ፊልም ልጅቱን በቤቱ የዘጋባት ቻይናዊ ግን ከክፋት በቀር ሌላ ገጽ ስላልተሰጠው፣ ብሮካ ለአንዱ የመለሰውን ክብር ከሌላው ነጥቆታል የሚሉ ተቺዎች እውነት አላቸው።

ለመሆኑ አርሲ ለፍቅር ታሪክ የሚሆን ምን ጎደለው? ጠለፋን የሚያውቀው ይኸው ሕዝብ አሴና የተባለ ሥርዓትም አለው፤ በዚህም ልጃገረዲቱ የወደደችውን ወጣት መርጣ፣ በገዛ ፈቃዷና በገዛ እግሯ ወደ ወላጆቹ ቤት ገብታ ጋብቻን ትጠይቃለች፤ እነርሱም አሳፍረው ቢመልሷት በባህሉ ዘንድ ነውር ይሆንባቸዋል። እናት ለሙሽራ ልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ሲንቄ፣ ቀጭን በትር ብትሆንም፣ ያገባችው ሴት በተበደለች ጊዜ የመንደሩን ሴቶች ሁሉ በየእጃቸው ሲንቄ አስይዛ ወደ በዳዩ ደጅ የምታስወጣ፣ እርቅና ካሳ እስኪፈጸም ድረስም የማታስመልስ የመብት ምልክት ናት። አንዲት የሂጦሳ ልጅ አሴና ገብታ፣ የልጁ አባት እያመነታ፣ የልጁ እናት በልቧ እየደገፈቻት የሚያልፉትን አንዲት ሌሊት ያሰበ ደራሲ፣ ከዚህ የበለጠ ተውኔት ከየት ይፈልጋል?

በቅርብ ዓመታት በአፋን ኦሮሞ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች መነሣታቸው ተስፋ ይሰጣል፤ ሆኖም ሸክሙን ለእነርሱ ብቻ ትተን የአዲስ አበባ አዘጋጆች በነጻ እንዲሄዱ መፍቀድ አይገባም። የአርሲን ፍቅር የሚተርክ ፊልም ልሳኑን አፋን ኦሮሞ አድርጎ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ከግርጌ ቢጽፍ፣ መሪ ተዋንያኑንም ከአሰላና ከኢተያ ወጣቶች ቢመርጥ፣ የአማርኛ ተመልካች አንብቦ ለመረዳት አያንስም። እውነተኛ ታሪክ የሚወስድ ከሆነም አስቀድሞ ከታሪኩ ባለቤት ጋር ተቀምጦ በጽሑፍ ይዋዋል፤ «ድፍረት» በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተሰናዳበት ዕለት፣ ታሪኩ የእርሷ የሆነው ሴት ባቀረበችው አቤቱታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበርና።