ላም አለኝ በሰማይ፦ የተጓዡ ገንዘብ የማን ነው?

‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› የሚለውን አባባል በልጅነቴ ስሰማ የሰነፍ ሰው ሕልም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙ በትክክል የገባኝ በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ በአንድ የተዘጋ የጉዞ ወኪል በር ላይ ቆሜ ሳለ ነው። ገንዘቡን ከከፈልኩ ሁለት ወር አልፏል። ለገና አዲስ አበባ እንድገባ ቦታ ተይዞልኛል ተብያለሁ። በእጄ ያለው ግን ስድስት ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው። ወደ አየር መንገዱ ስደውል የመለሰችልኝ ሠራተኛ በትሕትና፣ ‹‹ስምዎ ተመዝግቦ ነበር፤ ቲኬት ግን አልተቆረጠልዎትም። የመቁረጫው ጊዜ ስላለፈ ምዝገባውም ተሰርዟል›› አለችኝ።

ከጎኔ የቆመችው እህት ለራሷና ለሁለት ልጆቿ ከፍላ ነበር፤ የእናቷን ሙት ዓመት ልታስብ። ሦስት ዓመት ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። በሩን ደጋግማ አንኳኳች። የሚከፍት እንደሌለ ሁላችንም እያወቅን አንድም ሰው ‹‹ተይው›› አላላትም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ በኋላ የሰማሁት ነገር ነው። ግማሹ ወዳጅ ‹‹ለምን በጥሬ ገንዘብ ከፈላችሁ? ለምን አላጣራችሁም?›› ይላል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሌላው ደግሞ ‹‹የአገር ልጅ ነው፤ ልጆች አሉት፤ በሕግ መጠየቁ ይቅር›› እያለ ያግባባል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሁለቱም ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥፋቱን በተዘረፈው ላይ ይጭናል፤ ሁለተኛው ለቀጣዩ ዘረፋ በር ይከፍታል። ሁለቱም አንድ ዋና ጥያቄ ይሸሻሉ፦ ተጓዡ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ያ ገንዘብ የማን ነው?

መልሱ ግልጽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሕግ ካልከለከለ በቀር ገንዘቡ በተከፈለበት ቅጽበት የወኪሉ ይሆናል። የቤት ኪራይ ይከፍልበታል፣ ደመወዝ ይሸፍንበታል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለፈው ወር ለከፈለ ሌላ መንገደኛ ቲኬት ይቆርጥበታል። የዛሬው ተጓዥ የትናንቱን ያሳፍራል፤ የነገው የዛሬውን። ይህ ሰንሰለት አዲስ ደንበኛ እስከመጣ ድረስ አይበጠስም። ገበያው የቀዘቀዘ ዕለት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናዳል። በሌላ አነጋገር ተጓዡ ሳያውቀው አበዳሪ ሆኗል፤ ያውም ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣና ያለ ዋስ። ድርጅቱ በኪሳራ ሲፈርስ ደግሞ መያዣ የያዘው ባንክ አስቀድሞ ይሰለፋል፤ ተራው ደንበኛ ከኋላ ቆሞ ፍርፋሪ ይጠብቃል።

የዚህን አደጋ መጠን አሳምረው የሚያውቁ አሉ። አየር መንገዶቹ ናቸው። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በተለምዶ አያታ በምንለው ድርጅት፣ በኩል ቲኬት የሚቆርጥ ወኪል እንደየሁኔታው የባንክ ዋስትና ወይም ሌላ መተማመኛ እንዲያስይዝ ይጠየቃል። ይህ ዋስትና የሚጠብቀው ግን የአየር መንገዶቹን ገንዘብ እንጂ የእኔንና የእናንተን አይደለም። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የሕግ ባለሙያና ሒሳብ አዋቂ የቀጠረው ግዙፍ ድርጅት ወኪሉን በቃሉ አያምነውም፤ ሌሊት ሠርታ የምታድረው እናት ግን ‹‹እመኚው›› ትባላለች።

‹‹ይህ የገበያ ጠባይ ነው፤ መንግሥት ምን ያድርግ?›› ለሚሉ የሌላውን ልምድ እንይ። ብሪታንያ አቶል የተባለውን የፈቃድና የዋስትና ሥርዓት የጀመረችው በ1973 ነው። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ኮርት ላይን የተባለው ኩባንያ ከነአስጎብኚ ድርጅቶቹ ሲወድቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባዕድ አገር ቀሩ፤ የነበረውም ዋስትና አልበቃም። ፓርላማው በ1975 የመጠባበቂያ ፈንድ በሕግ አቋቋመ። ዛሬ ፈቃድ ያለው ድርጅት ለእያንዳንዱ ተጓዥ 2.50 ፓውንድ ለጋራው ፈንድ ይከፍላል፤ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እንኳ አይሞላም።

የዚህ ጥቅም የታየው መስከረም 23 ቀን 2019 ነው። በ1841 የተመሠረተው ቶማስ ኩክ በ178 ዓመቱ በአንድ ሌሊት ፈረሰ። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ አውሮፕላን ተከራይቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 140,000 የሚጠጉ ሰዎችን ወደ አገራቸው መለሰ። ገና ያልተጓዙ ሰዎች ይዘዋቸው ለነበሩ 360,000 ገደማ ጉዞዎችም ገንዘብ የመመለስ ሥራ ጀመረ። በ60 ቀን ይከፈላል የተባለው ለብዙዎች ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተከፍሏል። ያን ዕለት በሩ ተዘግቶበት የቆመው እንግሊዛዊና እኔ የያዝነው ወረቀት ቢመሳሰልም ከኋላው የቆመው ሕግ አልተመሳሰለም።

የእንግሊዝን ሥርዓት እንደ ታቦት ልሸከመው አልፈልግም፤ ቀዳዳው ብዙ ነው። በቀጥታ ከአየር መንገድ የተገዛ መቀመጫ በአቶል አይሸፈንም። በ2017 ሞናርክ አየር መንገድ ሲወድቅ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ጥበቃው ያልነበራቸው ነበሩ፤ መንግሥት ግን በሕዝብ ገንዘብ መለሳቸው። መንግሥት ያቋቋመው አጥኚ ቡድን ግንቦት 2019፣ ቶማስ ኩክ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ከ50 ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ሁሉንም የሚሸፍን ሥርዓት ማቆም እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። በዚያው ዓመት በንግሥቲቱ ንግግር ሕግ ይወጣል ተባለ፤ ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ሐሳቡም ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ሀብታም አገርም ቢሆን የሚጮህበት ሕዝብ ከሌለ እንደሚያንቀላፋ ከዚህ እንማራለን።

የጮኸ ሕዝብ የት እንደሚደርስ ደግሞ ጀርመን ምስክር ናት። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1990 ባወጣው መመሪያ መሠረት አባል አገሮች እስከ 1992 መጨረሻ የተጓዡን ቅድሚያ ክፍያ የሚጠብቅ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። ጀርመን ዘገየች። በ1993 የጉዞ ድርጅቶች ሲከስሩ ገንዘባቸውን ያጡት ተጓዦች ወኪሉን ብቻ አልወቀሱም፤ መንግሥታቸውን ከሰሱ። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም ጥቅምት 8 ቀን 1996 ሕጉን በወቅቱ አለማውጣት ራሱ መንግሥትን ካሣ እንደሚያስከፍል ፈረደ። በ2019 ቶማስ ኩክ ሲወድቅ የጀርመኑ መድን በ110 ሚሊዮን ዩሮ የተገደበ ስለነበር አልበቃም፤ መንግሥት ልዩነቱን እንደሚሸፍን አስታወቀ። በ2021 የጉዞ ዋስትና ፈንድ ተቋቋመ። ሰኔ 2024 ኤፍቲአይ የተባለው ታላቅ አስጎብኚ ሲከስር የተጠቃለለ ጉዞ የገዙት ሰዎች ገንዘባቸውን የሚጠይቁበት በር ተከፍቶ ጠበቃቸው። ‹‹ዕጣ ፈንታችን ነው›› ብለው ቤታቸው ቢገቡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ‹‹ዋስትና ዋጋ ያስወድዳል›› የሚል ነው። 2.50 ፓውንድ የሚያስመርረው ሰው 800 ፓውንድ ሲያጣ ምን ሊል ነው? ሁለተኛው ‹‹ትናንሾቹን ወኪሎች ያጠፋል›› የሚል ነው። ይህ ክብደት ያለው ነጥብ ነው፤ ከባንክ ዋስትና ማግኘት ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ነውና። መልሱ ግን የአደራ ሒሳብ ነው። የደንበኛው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ወኪሉ የሚነካው አገልግሎቱ ሲሰጥ ብቻ ነው። የብሪታንያ የተጠቃለለ ጉዞ ደንብም ይህን ከማስያዣና ከመድን ጋር እንደ አንድ አማራጭ ይቀበለዋል። የሌላውን ሰው ገንዘብ ካልተጠቀመ መቆም የማይችል ንግድ መጀመሪያውኑም አልቆመም። ሐቀኛው ወኪል በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም በርካሽ ዋጋ እየሸጠ በደንበኛ ገንዘብ ከሚቆምር ተፎካካሪው ይገላገላል።

ሕጉ እስኪመጣ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን አይገባም። እኔ በኪሳራዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የምዝገባ ምልክት ቲኬት አይደለም። ቲኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ቁጥሩን ከተቀበላችሁ ራሳችሁ ወደ አየር መንገዱ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ በትክክል የተቆረጠ ቲኬት ወኪሉ ቢዘጋም ዋጋ አለው። ብሪታንያ ውስጥ ወኪሉ ገንዘብ ተቀብሎ ቲኬቱን ወዲያው ካልሰጠ በአቶል ሥር ሊሸጥላችሁና የምስክር ወረቀቱን ሊሰጣችሁ ይገባል። ይህ ወረቀት ከ2012 ጀምሮ ግዴታ ነው። የእኔው ወኪል ፈቃዱ አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ስሕተቴን አልክድም። ነገር ግን ያለ ፈቃድ በአደባባይ ሱቅ ከፍቶ ዓመታት ሲሸጥ ማንም አለመጠየቁስ የእኔ ስሕተት ነው?

አከፋፈሉም ትልቅ ነገር ነው። በብሪታንያ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ለሆነ ግዢ የክሬዲት ካርድ ሰጪውን ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ከፊሉን ብቻ በካርዱ ብትከፍሉም ይሠራል። በመካከል ሌላ ደላላ ካለ ግን ባንኩ ሊከራከር ይችላልና ክፍያው ለማን እንደተፈጸመ ደረሰኙን ተመልከቱ። በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩን ገንዘቡን እንዲያስመልስለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ግን የካርድ ኩባንያዎች ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፣ የጊዜ ገደቡም ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ነው። ተራ የጉዞ መድን የድርጅት ኪሳራን ሁልጊዜ አይሸፍንም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ከእግዜር በቀር ምስክር የለውም። ድርጅቱ ከወደቀ በኋላም ‹‹ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ የባንክ ቁጥርዎን ይላኩ›› የሚል መልእክት ቢመጣ አትመኑ፤ በቁስል ላይ የሚያርፍ ዝንብ ሞልቷል።

ወደ አገር ቤት ልመለስና ልጨርስ። ‹‹እንዲህ ያለ ዋስትና ለእኛ ቅንጦት ነው›› የሚል ካለ የራሳችንን ሕግ ያንብብ። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 632 ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልኩ ኤጀንሲዎች እንደሚልኩት ሰው ብዛት ከ30,000 እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ አዝዞ ነበር። በ2016 የተተካው አዋጅ ቁጥር 923 መጠኑን ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አደረገው። አፈጻጸሙ ብዙ እንደሚያስወቅስ አውቃለሁ፤ በዓረብ አገራት የተንገላቱ እህቶቻችን ምስክሮች ናቸው። መርሁ ግን በገዛ ቋንቋችን ተጽፏል፦ የሰውን ዕድል በእጁ የሚይዝ ነጋዴ አስቀድሞ መያዣ ያስቀምጣል። እንግዲያው ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ልሳለም ብላ የዕድሜ ልክ ቁጠባዋን ለአስጎብኚ የምታስረክብ እናት ከዚህ መርህ ለምን ትገለል? የእሷም ገንዘብ እስክትመለስ ድረስ በአደራ ሒሳብ ይቀመጥ ብሎ መጠየቅ ምኑ ላይ ነው ቅንጦቱ?

በውጭ ያለነውም ከመንግሥት የማንጠብቀው የቤት ሥራ አለን። ዕድሮቻችን፣ ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን በየዓመቱ ብዙ ሰው ያስጉዛሉ፤ በአዳራሾቻቸው የወኪል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ‹‹የአቶል ፈቃድህን አሳየን፤ የደንበኛ ገንዘብ የምታስቀምጥበት ሒሳብ የቱ ነው?›› ብለው ቢጠይቁ ማን ይከለክላቸዋል? የአገር ልጅነት ጥያቄ የማይነሣበት ሽፋን መሆን የለበትም። አባቶቻችን የአደራን ነገር ሲያከብሩ ‹‹አደራ በላ›› የሚለውን ስድብ ከሌላው ሁሉ ያከበዱት በከንቱ አልነበረም።

የዚያች እህት የእናቷ ሙት ዓመት እሷ በሌለችበት አለፈ። ያን የሚመልስ ፈንድ በየትም አገር የለም። ገንዘቧን ግን በ2.50 ፓውንድ መመለስ ይቻል ነበር። ‹‹የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል›› ይባላል። አልቅሰናል፤ አሁን ደግሞ ቀጣዩ ገደል ሳይናድ እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።