በቅሎ ላስያዘ ሰው ምን ይመለስለታል?

ቁማርን ለማወደስ አልተነሣሁም። ሆኖም ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ ውስጥ አንዲት ቅጽበት አለች፤ ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ሰው ቢያስብባት የማይጠላት ይመስለኛል። ሰው ያላየውን ነገር፣ ከተነገረው ብቻ ተነሥቶ፣ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ የሚፈርድባት ቅጽበት ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት በሚካሄድ፣ ጥቂት ገንዘብ ብቻ በሚያዝበት ጨዋታ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል እንበል። አይተያዩም፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ማኒላ ሊሆን ይችላል። በመሐል መደቡ ላይ የተጠራቀመው መቶ ብር ነው። የመጨረሻዋ ካርታ ተገልጣለች፤ ከእንግዲህ የሚለወጥ ነገር የለም። ያኛው እስካሁን ሃያና ሠላሳ ብር ሲያስይዝ ቆይቶ ድንገት ሦስት መቶ ብር ወረወረ። ይህኛው በእጁ የያዘው ክፉም አይደለም፣ የሚያኮራም አይደለም። ሁለት መንገድ ብቻ አለው፦ ሦስት መቶ ብር ቆጥሮ «አሳየኝ» ማለት፣ ወይም ካርታውን ጥሎ መቶዋን ብር መተው። መቶ ብር ለመውሰድ ሦስት መቶ ብር የሚያስይዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የያዘው እጅግ ስለበዛ ነው ወይስ ምንም ስላልያዘ?

ጥያቄው የባዕድ ይመስላል፤ አይደለም። የሸዋ ችሎት ለብዙ ዘመን ሲጠይቀው የኖረ ነው።

ዛሬ «እሰጥ አገባ» ስንል ፍሬ የሌለው ጭቅጭቅ ማለታችን ነው። ድሮ ግን የችሎት ቃል ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ዋስ ጠርተው፣ ከዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ክርክሩ በቃል ብቻ አይካሄድም፤ ውርርድ ይገባበት ነበር። አንዱ የተናገረውን ባያስረዳ ማር እንደሚሰጥ ይናገራል። ሌላው ያንኑ ያህል ይገባለታል፣ ወይም ከፍ ያደርግበታል፤ ከማሩ ወደ ፈረስ፣ ወደ በቅሎ፣ ወደ ጥሬ ብር ይወጣል። የተረታው ያስያዘውን ይከፍላል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው ነገር አለ፦ የሚከፍለው ለረታው ባላጋራ አይደለም፤ ለዳኛው ነው። የቀድሞውን የመንግሥትና የአስተዳደር ሥርዐት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» ያገላብጣል፤ እኔ ግን እዚህ የምጨነቀው ለሥርዐቱ ሳይሆን በቅሎ ሲጠራበት ዝም ብሎ ለቆመው ሰው ነው።

ያ ሰው አንድ በሬ ያለው ገበሬ ነው እንበል። ባላጋራው ባለጸጋ ነው፤ በቅሎ ለእርሱ ከጋጣው አንዲት መቀነስ ናት። ለገበሬው ግን የዓመት ኑሮ ነው፤ የሌለውን በቅሎ የሚዋሰውም ሰው መፈለግ አለበት። ውርርዱን ቢሸሽ ደግሞ በራሱ ነገር የማያምን ይመስላል፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብም ያጉረመርማል። ስለዚህ ከፍ ያለ ውርርድ እውነትን መመስከሪያ ብቻ አልነበረም፤ እውነት የያዘውን ድኻ ማባረሪያም ነበረ። ስለ በላ ልበልሃ ስናወራ የአንደበቱን ውበት፣ የምሳሌውን ብስለት፣ ዜማውን እያነሣን እንደነቃለን፤ ተገቢ ነው፣ ግጥም ከሚሞክሩ ሰዎች አንዱ እንደመሆኔ እኔም እደነቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ውብ አንደበት ውስጥ የበቅሎዋ ክብደት እንደነበረ መዘንጋት የለብንም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሚመራው የዛሬው ችሎት ጋር ስናነጻጽረው የዳኝነት ክፍያው ምንም ቢያማርር፣ ባላጋራ እንደፈቀደው ከፍ የሚያደርገው አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ የባንክ ሰው ነኝና ከዚህ ማምለጥ አልችልም።

ሦስት መቶ ብር የተጠየቀው ተጫዋች ቢረታ ሦስት መቶ ያጣል፤ ቢረታው ግን አራት መቶ ያገኛል፤ የመደቡን መቶና የባላጋራውን ሦስት መቶ። እንዲህ ያለ ነገር ሰባት ጊዜ ቢገጥመውና ሰባቱንም ጊዜ «አሳየኝ» ቢል፣ ሦስቱን ረትቶ አራቱን ቢረታ፣ ያገኘው ሺህ ሁለት መቶ፣ ያጣውም ሺህ ሁለት መቶ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ሰውዬ አሁን እየዋሸ ነው ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «ይህን በመሰለ ጊዜ፣ ይህን በመሰለ ሰው፣ ከሰባት ሦስቱን ጊዜ ይዋሻል ወይ?» የሚለው ነው። ባላጋራው ያስያዘው ሃምሳ ብር ቢሆን ኖሮ ከአራት አንዱን ጊዜ መዋሸቱ ይበቃ ነበር። ሺህ ብር ቢሆን ደግሞ ከ21 ጊዜ 10 ጊዜ። እነሆ የሚያስገርመው ነገር፤ ውርርዱ ሰማይ ቢነካ እንኳ የሚፈለገው የውሸት መጠን ከግማሽ አያልፍም። ትልቅ ቁጥር ያስፈራል እንጂ ፍርዱን ከመሠረቱ አይለውጠውም።

ይህን ነገር በሒሳብ መልክ ያስያዘው የሃንጋሪው ተወላጅ ጆን ፎን ኖይማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ጥናት መነሻውን ጣለ፤ በ1944 ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ለፖከር ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው። ያሳየውም፣ ባዶ እጅን እንደ ሙሉ እጅ አድርጎ ማስያዝ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን ጨዋታው የሚጠይቀው ነገር መሆኑን ነው፤ ፈጽሞ የማይዋሽ ተጫዋች ከፍ ያለ ውርርድ ባስያዘ ቁጥር ሁሉም ይሸሹታል፣ መልካም ካርታው ምንም ሳያመጣለት ይቀራል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች በልክ ይዋሻል። ሦስት እጥፍ ሲያስይዝ ከሰባት ሦስቱን።

ይህ ግን የብልሆቹ ዓለም ነው። በአነስተኛ ገንዘብ የሚጫወተው ሰው ፎን ኖይማንን አላነበበም። ከሥራ መልስ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ነው። ሦስት መቶ ብር የሚያስይዘው ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ሸፍኖ ሳይሆን፣ የመጣለት ካርታ ደስታው ስላላስቻለው ነው። ጨዋታውን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ሰዎችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው፤ በትንሽ መደብ ላይ፣ በመጨረሻዋ ካርታ፣ ድንገት የመጣ ታላቅ ውርርድ በአብዛኛው እውነት ነው። ከሰባት ሦስት ይቅርና አንድ ጊዜ መዋሸቱም ያጠራጥራል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ካርታው ይጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። እኛ የፉከራና የሽለላ ልጆች ነን፤ «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» እየተባልን ያደግን ነን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውም ምሳሌ ውርርዱን እንድንጠረጥር ይገፋፋናል። ቅኔ ወዳጆች ደግሞ ከላይ ያለው ሰም እንጂ ወርቁ አይደለም፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ማለት ይቀናናል። ቅኔ ግን ፖከርን አያስተምርም። ባለቅኔው ወርቁን የሚቀብረው እንዲገኝለት ነው፤ ቁማርተኛው እንዲገኝበት አይፈልግም። ሁሉንም ነገር ድርብ ትርጉም ያለው አድርጎ ማንበብ በማኅሌትና በግጥም ምሽት ያማረ ልማድ ነው፤ በመደብ ፊት ግን ሰም ብቻ የሆነ ንግግር መኖሩን መቀበል ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ የላስ ቬጋስ የፖከር የዓለም ሻምፒዮና ይመጣል። ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ (የሙያ ባልደረባዬ ልበለው) በኢንተርኔት በተደረገ ትንሽ ማጣሪያ አልፎ፣ ሳሚ ፋርሃ ከሚባል ልምድ ያለው ተጫዋች ጋር ለመጨረሻ ተፋጠጠ። መኒሜከር በእጁ ምንም ሳይኖረው ያለውን ሁሉ አስያዘ። ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ነበረ፤ ብዙ አሰበ፤ ተጠራጠረ፤ ጣለ። መኒሜከር በመጨረሻ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ይዞ ወጣ። «እንግዲያው ፋርሃ ቢያይ ኖሮስ?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። የተተረከው አንዱ ነው፤ ተጫዋች ካርታውን ጥሎ ከጥፋት የዳነበትን ጊዜ ሁሉ ማን ይተርከዋል? የመተው ጀብዱ ተራኪ የለውም።

በእኛ መሥሪያ ቤት ነገሩ ይቀላል። ብድር ፈላጊ መጥቶ ንብረቱን ሰማይ ቢያደርሰው አንከራከረውም፤ «ካርታ አምጣ» እንለዋለን። የቤት ካርታውን ማየት ለእኛ ምንም አያስከፍለንም። በፖከር ካርታ ለማየት ይከፈላል፤ በበላ ልበልሃም እንዲሁ። በሁለቱም ከተከፈለው ላይ ተካፋይ አለ። በኢንተርኔቱ ጨዋታ ድርጅቱ ከየመደቡ ድርሻውን ይቆርጣል፤ መደቡ ባነሰ ቁጥርም ድርሻው ከመደቡ አንጻር ይከብዳል፤ ያ የዳኛው ማር መሆኑ ነው።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ፤ ፍርዴንም ለሁለት የሚከፍለው እርሱ ነው። ቁማርተኛው የባላጋራውን ካርታ አያውቅም። ባለርስቱ ገበሬ ግን የአባቱን ወሰን ድንጋይ ያውቀዋል። በቅሎ የተጠራበት ያ ሰው የሚጠራጠረው እውነቱን ሳይሆን ምስክሩን ነው፤ ዳኛውን ነው፤ የራሱን ጉልበት ነው። ለእርሱ «ተው፣ ሒሳቡ አያዋጣም» ብዬ አልመክረውም። ዋስ ፈልግ እለዋለሁ።

ሦስተኛ ዓይነት ሰውም አለ፤ ገና ውርርዱ ሳይጠራበት የተረታ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ከሆንን በስሙ እናውቀዋለን፤ አርተር ራምቦ። ከሃያ አንድ ዓመቱ በፊት የፈረንሳይን ግጥም ገልብጦ ብዕሩን የጣለው ያ ሰው፣ በ1878 ዓ.ም. ከፒየር ላባቱ ጋር ተሻርኮ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሊሸጥ ተነሣ። ያለውን ገንዘብ አስያዘ። ታጁራ ላይ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ሆነ። ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ነጋዴ ሶሌይዬም ሞተ። በእያንዳንዱ ጊዜ «ልተው ወይስ ልቀጥል?» የሚል ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፤ በእያንዳንዱም ጊዜ እስካሁን የወጣውን ገንዘብ እያየ ቀጠለ። በ1879 ዓ.ም. የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አራት ወር ያህል ተጉዞ አንኮበር ደረሰ።

ንጉሡ አልነበሩም። ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ነበር። ራምቦ ወደ እንጦጦ ወጣ፤ እዚያ ጠበቃቸው። ምኒልክ ከሐረር ድል ሲመለሱ የዚህን ነጋዴ ካርታ ሁሉ ፊት ለፊት ተዘርግቶ አዩት፦ ጠመንጃው ያረጀ ነው፤ ሌላ ገዢ የለውም፤ ሸሪኩ ሞቷል፤ በሸዋም ዕዳ ትቷል፤ ጭነቱን መልሶ በዚያ በረሃ ማውረድ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ጠሩ፤ ከዚያም ላይ የላባቱን ዕዳ ቀነሱ። በፖከር ቋንቋ ብንናገር ንጉሡ ከልክ ያለፈ ውርርድ አስያዙ፤ ባላጋራቸው መጣል እንደማይችል እያወቁ። ጨዋታውን ካነበቡት ሰዎች ሁሉ ምኒልክ የተሻሉ አንባቢ ነበሩ እላለሁ፤ ገጣሚውን ከነመጻሕፍቱ አንብበውታል።

አንኮበር ላይ በአካል ደርሼ ብመክረው ኖሮ የምለው አልነበረኝም፤ የሚመከረው ታጁራ ላይ ነበረ፣ ላባቱ የታመመ ዕለት። የተረፈው ገንዘብ እንኳ በእጁ አልተሰጠውም፤ የሐረር ገዥ በሆኑት፣ በኋላ ራስ በተባሉት በመኮንን ላይ የተጻፈ ሐዋላ ነበረ። ራምቦም ወረቀቱን ይዞ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ፣ ጁል ቦሬሊ ከሚባል አገሩ ሰው ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሄደ።