ማዳበሪያ፦ ገዥው ሚሊዮን፣ ሻጩ አንድ

የጤፍ ዋጋ ማወቅ የፈለገ ሰው እህል በረንዳ ብቅ ይላል። አንዱ ነጋዴ የጠራው ዋጋ ካልጣመው ከጎኑ ያለውን ይጠይቃል። በሬ የሚገዛ ገበሬም ሦስት አራት በሬ ሳይዳብስ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ማዳበሪያ ግን እንዲህ አይጠየቅም። ገበሬው ዋጋውን የሚሰማው ከቀበሌ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። የሰማው ዋጋ ካልተስማማው የሚያንኳኳው ሌላ በር የለውም። ከመሬትና ከዝናብ ቀጥሎ የማሳውን ምርት የሚወስነው ዕቃ ዋጋ አለው፤ ወረፋም አለው፤ የሌለው ገበያ ነው።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኦገስት 2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ቦታው ጎዴ ነው። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ፋብሪካው የካሉብና የሂላላን የተፈጥሮ ጋዝ ተጠቅሞ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል። ድርሻው ለዳንጎቴ 60 በመቶ፣ ለመንግሥት 40 በመቶ ነው። የአገሪቱ የዩሪያ ፍጆታ ከዚህ መጠን በታች መሆኑን ልብ ይሏል። ፋብሪካው እንደ ዕቅዱ ከሠራ ገበያውን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ለውጭም ይተርፈዋል ማለት ነው።

በአገር ጋዝ የአገርን ማሳ ማልማት ሊደገፍ የሚገባው ሐሳብ ነው። በያዩ ተጀምሮ የቀረውን ፋብሪካ ያስታወሰ ሰው ይኼኛው ከዳር እንዲደርስ ቢመኝ አይፈረድበትም። ጥያቄው ሌላ ነው። ዛሬ አንድ አስመጪ ያለው ገበያ ነገ አንድ አምራች ያለው ገበያ ቢሆን፣ ለገበሬው ምን ተለወጠ?

እዚህ የደረስነው እንዴት እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። በደርግ ዘመን ማዳበሪያ ማስገባትና ማከፋፈል በ1984 የተቋቋመው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሥራ ነበር። ከለውጡ በኋላ ገበያው ተከፈተ። በ1993 የማዳበሪያ ፖሊሲ ወጣ፤ የግል ኩባንያዎችም ማስገባት ጀመሩ። በ1996 አካባቢ 67 የግል ጅምላ ነጋዴዎችና 2,300 ያህል ቸርቻሪዎች በሥራው ላይ ነበሩ። ከሦስት ዓመት ከመንግሥት ሞኖፖል ለወጣ አገር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። በ1997 ደግሞ ድጎማው ቀርቶ የችርቻሮ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። በወረቀት ላይ ሲታይ፣ የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚስሉት ዓይነት ሽግግር ነበር።

ወዲያው ግን የግሎቹ እየተመናመኑ ሄዱ። በአሥርት ዓመቱ ማብቂያ አብዛኞቹ ከማስመጣቱ ሥራ ወጥተው፣ ቦታቸውን ከክልል ገዥ ፓርቲዎች ጋር ትስስር የነበራቸው ኩባንያዎች፣ አምባሰል፣ ጉና፣ ዲንሾና ወንዶ ያዙት። እነሱም ቢሆኑ አልዘለቁም። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ለጥቂት ጊዜ ካስገቡ በኋላ፣ ከ2008 ገደማ ጀምሮ የውጭ ግዢው ተመልሶ ወደ አንዱ የመንግሥት ድርጅት ገባ። ክቡን ዞረን ከተነሣንበት ቆምን።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ነጋዴው አቅም አልነበረውም» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ማዳበሪያ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ፣ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ የሚሸጥ፣ ብዙ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ዕቃ ስለሆነ በትንሽ ካፒታል አይደፈርም። ቀሪው ግማሽ ያለው ግን ብድሩ ውስጥ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማዳበሪያ ብድር የሚሰጠው በክልል መንግሥታት ዋስትና ነበር። ባንኩ ያበድራል፤ ክልሉ በበጀቱ ዋስ ይሆናል፤ ለገበሬው የሚያድለውና ከመኸር በኋላ የሚሰበስበው የወረዳውና የቀበሌው ሹም ነው። ከሚሸጠው ማዳበሪያ አብዛኛው በዚህ ዱቤ የሚሄድ ነበር። ስለዚህ ዱቤውን የያዘው ሰው የማን ማዳበሪያ እንደሚሸጥም ወሰነ። በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ የነጋዴውን ሱቅ በር ቢያይም አልገባበትም። ቸርቻሪው ዋጋ ቢቀንስ፣ ጥራት ቢያሻሽል፣ ዕቃውን እስከ ገበሬው ደጅ ቢያደርስ ደንበኛው ከሌላ ወገን ጋር ታስሯል። ውድድሩ ተከለከለ የሚል መመሪያ አልወጣም፤ መመሪያም አላስፈለገውም።

ለአንድ ገዥነት የሚቀርበውን መከራከሪያ አቃልለን አናየውም። በትልቅ ጨረታ፣ በትልቅ መርከብ የሚገዛ በቶን ርካሽ ያገኛል። የዓለም ገበያ ሲናወጥም መንግሥት ትከሻ አለው። የዩሪያ የዓለም ዋጋ በ2020 በአማካይ በቶን 230 ዶላር ገደማ የነበረው በኤፕሪል 2022 ከ900 ዶላር አልፏል። በዚያ ዓመት መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ድጎማ ባይመድብ ኖሮ ብዙ ማሳ ያለ ማዳበሪያ ይቀር ነበር። ደግሞም ሐቁን እንናገር፤ በእነዚህ የአንድ ገዥ ዓመታት የአገሪቱ የማዳበሪያ አጠቃቀም ቀንሶ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ጨምሮ ነው የምናገኘው። ዛሬ በዓመት የሚገዛው ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነው።

ይሁንና አንድ መርከብ ማለት አንድ ሻጭ ማለት አይደለም። ጅቡቲ ላይ በርካሽ የወረደ ማዳበሪያ ገበሬው ጋ ሲደርስ ርካሽ ነው ወይ? በጊዜውስ ይደርሳል ወይ? ኤንፒኤስ ከዘር ጋር የሚገባ ነው፤ ዩሪያው ደግሞ በቆሎው ጉልበት ድረስ ሲደርስ ይጨመራል። ሦስት ሳምንት የዘገየ ማዳበሪያ የዘገየ ሳይሆን ያልመጣ ነው። አንድ አቅራቢ ብቻ ባለበት ገበያ ለመዘግየት የሚከፈል ዋጋ የለም፤ ደንበኛው የትም አይሄድማ! በ2023 የክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ የወጡት ዘር የሚዘራበት ቀን እያለፈባቸው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠቀመው በየመንደሩ ጥቂት ኩንታል ሸሽጎ በእጥፍ የሚቸረችረው ሰው ነው። ሕጋዊ ነጋዴ ከገበያ ሲወጣ ንግዱ አብሮ አልወጣም፤ ወደ ጨለማ ገባ እንጂ።

ጎረቤታችን ኬንያም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያውን ከፍታ እንደከፈተች ቆይታለች። እዚያም ድጎማ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲገባ፣ ፖለቲካውም ሲያምሰው ነው የኖረው። ነገር ግን በገጠር የግብዓት ሱቆች ተበራክተው፣ ከበቆሎ አምራቹ ቤት እስከ ቅርቡ የማዳበሪያ ሻጭ ያለው ርቀት በ1997 በአማካይ 8 ኪሎ ሜትር የነበረው በ2007 ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ወርዷል። አምስት ኪሎ ሜትር ምን አላት የሚል ካለ፣ 50 ኪሎ በአህያ ጭኖ በሰኔ ጭቃ ይሞክራት።

ማዳበሪያ በዓለም ደረጃም ጥቂቶች የያዙት ዕቃ መሆኑን መርሳት የለብንም። የፖታሽ ንግድ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ለዓመታት አብዛኛው የዓለም የፖታሽ ሽያጭ የሚወጣው ከሁለት የሽያጭ ማኅበራት ነበር፤ አንዱ የካናዳ አምራቾች፣ ሌላው የሩሲያና የቤላሩስ። በጁላይ 2013 የሩሲያው ኡራልካሊ ከቤላሩሱ አጋሩ ተጣልቶ «ለብቻዬ እሸጣለሁ፣ ብዙ እሸጣለሁ» አለ። የማዕድን ቦታ አልተጨመረም፤ የተገኘ አዲስ ቴክኖሎጂም አልነበረም። የሁለት ሰዎች ስምምነት ስለፈረሰ ብቻ የፖታሽ ዋጋ ወረደ፤ የኩባንያዎቹም አክሲዮን ተንኮታኮተ። ሚንስክ በበኩሏ የኡራልካሊን ሥራ አስኪያጅ ለስብሰባ ጋብዛ አሰረችው። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ፤ የዓለም ገበሬ በዚያ ዓመት መድኃኒቱን ቀመሰው።

በዘሩም በኩል ያው ነው። በ2017 ኬምቻይና ሲንጀንታን ገዛ፤ በዚያው ዓመት ዳውና ዱፖንት ተዋሐዱ፤ በ2018 ባየር ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እኛ ዘንድ «ሾኔ» እና «ሊሙ» የተባሉትን የበቆሎ ዲቃላዎች ያመጣው ፓዮኒር የዱፖንት ንብረት ነበር፤ ከውሕደቱ በኋላ ኮርቴቫ የሚባለው ኩባንያ አካል ሆኗል። ሾኔ የሚዘራው ገበሬያችን የዘሩ ባለቤት መቀየሩን ስለመስማቱ እንጃ። የባየር ጉዳይ ሲመረመር ግን ብራስልስና ዋሽንግተን ዝም አላሉም። የዘርና የኬሚካል ሥራ አንድ ላይ ሲከማች ገበሬው አማራጭ ያጣል ብለው፣ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የዘርና የኬሚካል ሥራውን ለተፎካካሪው ለቢኤኤስኤፍ እንዲሸጥ አስገደዱት።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በ2015 የማዳበሪያ አስመጪው ድርጅትና የኢትዮጵያ ምርጥ ዘር ድርጅት በአንድ ደንብ ተዋሕደው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሆኑ። ዘርና ማዳበሪያ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ሌላ አገር ዓመታት የሚያከራክር ውሕደት እዚህ «ምን አማራጭ ይቀራል?» ብሎ የጠየቀው ጮክ ያለ ድምፅ አልተሰማም። የመንግሥት ስለሆነ ሞኖፖል አይደለም የሚል ካለ የገበሬውን ኪስ ይጠይቅ።

የሚጠየቅበት ቢሮም ተዘግቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከ2013 ጀምሮ አለ። አዋጁን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ግን በ2021 የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ፈርሶ ሥልጣኑ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። ሚኒስቴሩ ትጉ ቢሆን እንኳ ካቢኔ ውስጥ አብሮት የሚቀመጠውን ተቋም ኮርፖሬሽን ከስሶ ያቆመዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታዲያ ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ወይ? አለ፤ እሱም ከራሳችን ነው። ከ2011 ጀምሮ በጥቂት ወረዳዎች «ቀጥታ የዘር ግብይት» የሚባል አሠራር ተሞከረ። አምራቹ ዘሩን በመንግሥት መዋቅር አስተላልፎ በድልድል ከማስከፋፈል ይልቅ በራሱ ወኪሎች፣ በራሱ ስም ለገበሬው ይሸጣል። የማን ዘር እንዳልበቀለ ይታወቃል፤ ተጠያቂውም ይታወቃል። አሠራሩ ወደ ብዙ ወረዳዎች ሰፍቷል። ለዘር የሆነ ለማዳበሪያ የማይሆንበትን ምክንያት እስካሁን የነገረን የለም። የውጭ ግዢው በአንድ ትልቅ ጨረታ ይቀጥል፤ እሺ። ነገር ግን ጅቡቲ የወረደውን ጭነት ዩኒየኖችም፣ ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎችም በጨረታ ይረከቡት፤ ከዚያ በኋላ ለገበሬው ይወዳደሩለት። ዱቤው ደግሞ ከሻጩ ይለይ። ገበሬው የዱቤ ቫውቸሩን ይዞ ከዩኒየን መጋዘንም ሆነ ከነጋዴ ሱቅ መግዛት ከቻለ፣ የ1990ዎቹን ነጋዴዎች ያስወጣው ቁልፍ ተፈታ።

የጎዴው ፋብሪካ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። በዚያ ሥራ መንግሥት የጋዙ ባለቤት ነው፤ የ40 በመቶ ባለአክሲዮን ነው፤ እስካሁን ባለው አሠራር ትልቁ ገዥ ነው፤ በላዩ ደግሞ ዳኛው ነው። አራት ባርኔጣ በአንድ ራስ ላይ አይቆምም። ባለአክሲዮኑ ዋጋው ከፍ ቢል ያተርፋል፤ ገዥው ዝቅ ቢል። ሁለቱ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሲከራከሩ ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ሒሳብ አዋቂነት አይጠይቅም። ዩሪያ ከውጭ ማስገባት በታሪፍም ሆነ በምንዛሪ ክልከላ እንዳይዘጋ ዛሬውኑ ቃል ሊገባ ይገባል። በሩ ክፍት ከሆነ ፋብሪካው ቢያንስ ጅቡቲ ከሚደርሰው መርከብ ጋር ይወዳደራል። ጋዙ በምን ዋጋ እንደሚሸጥለት፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሸጥበት የዋጋ ቀመር ምን እንደሆነ፣ ብቸኛ ሻጭነት ተሰጥቶት እንደሆነና ለስንት ዓመት እንደሆነ የሚገልጹት የውሉ አንቀጾች ለሕዝብ ይፋ ይሁኑ። ፋብሪካው ለመገንባት 40 ወራት ያህል ይፈጃል ተብሏል። እነዚህን አንቀጾች ለማንበብና ለመከራከር በቂ ጊዜ ነው፤ ከምርቃቱ በኋላ ግን አይሆንም።