ሻንጣቸውን ሸክፈው ለቀሩት
ግልጽ ደብዳቤ ከአማን

ለፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕና የስደተኞች ሰፈራ ፕሮግራሙን ላገዱ ባለሥልጣናት፤

ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በሐሽሚ ሸማሊ ሰፈር ዳገት ላይ በየጠባቡ ክፍል ስለሚኖሩት ሱዳናውያን፣ ሶማሌዎች፣ የመናውያንና ኢራቃውያን አዝኜ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዛችሁበት ዕለት ፕሮግራሙን አገዳችሁ። በሁለት ቀን ውስጥ የተቆረጡ ትኬቶች ሁሉ ተሰረዙ።

የአሜሪካ የሰፈራ ጉዳይ ያለው ሰው ምን እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ፤ ሥርዓቱ የአገራችሁ ነው። ቃለ መጠይቅ፣ አሻራ፣ የደኅንነት ማጣሪያ፣ የጤና ምርመራ፣ ከዚያ ደግሞ መጠበቅ። የአውሮፕላን ትኬቱ ዋጋ እንኳ ብድር ነው፤ ስደተኛው ሠርቼ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ምርመራውም ማጣሪያውም የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ጉዞው ሲታገድ ዓመታት የፈጀው ወረቀት አንድ በአንድ ይቃጠላል።

የጉዞ ቀን የተነገረው ቤተሰብ ፍራሹን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የጋዝ ምድጃውን ይሸጣል። የቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ ይመልሳል፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስወጣል። የቀረውን ዕቃ በሻንጣ ሸክፎ፣ ሰነዶቹን በፕላስቲክ ቦርሳ ይዞ ቀኑን ይቆጥራል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው «አትሄድም» ያላችሁት። ወዴት ይመለስ? ሱዳናዊው ወደ ዳርፉር?

ዮርዳኖስን ልወቅስ አልተነሣሁም፤ ከአቅሟ በላይ ተሸክማለች። ነገር ግን ሶርያዊ ያልሆነ ስደተኛ እዚህ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ጥገኝነቱን መተው አለበት። ከ2019 ጀምሮ ለእነዚህ ስደተኞች አዲስ ምዝገባም ቆሟል። በ2015 ዲሴምበር ሱዳናውያን ከዚሁ ከአማን በግድ ተጭነው ወደ ካርቱም ተመልሰዋል። ሰዎቹ የእናንተን በር እንዲያ የሙጥኝ ያሉት ሌላ ስለሌላቸው ነው።

ደግሞም የመጀመሪያችሁ አይደለም። በ2016 ክረምት አሜሪካ በዓመቱ እቀበላለሁ ያለችው የአሥር ሺሕ ሶርያውያን ቁጥር የሞላው ከአማን በተነሡ ቤተሰቦች ነበር። በጃንዋሪ 2017 ሶርያውያንን ላልተወሰነ ጊዜ ከለከላችሁ። ያን ጊዜ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ሁለተኛው እገዳ ሲመጣ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። በሁለቱ መካከል ልጅነቱ አለቀ።

ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እምነትና ስለ ሕግ አጥብቃችሁ ትናገራላችሁ። እኔም እነዚህን አከብራለሁ፤ ያደግሁባቸው ናቸው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ድንበር ሰብረው አልገቡባችሁም። ተሰለፉ ስትሏቸው ተሰለፉ፤ ጠብቁ ስትሏቸው ጠበቁ። ስለ እገዳው ከከሰሷችሁም መካከል ከቤተ እምነት የወጡ፣ ስደተኛ ሲቀበሉ የኖሩ ድርጅቶች አሉ። ለ2026 የበጀት ዓመት 7,500 ሰው ብቻ ብላችሁ፣ አብዛኛውን ቦታ ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ሰጣችሁ። ከእነሱ በፊት ተሰልፎ የነበረው ጥቁር ስደተኛ ይህን ሲሰማ ምን ይበል?

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አዲስ ሰው ተቀበሉ አላልሁም። አጣርታችሁ የጨረሳችኋቸውን፣ ትኬት ቆርጣችሁ ያስቀራችኋቸውን ፋይላቸውን አውጡና ጥሯቸው። ስማቸውም ስልካቸውም በእጃችሁ ነው።