ሥሩ ከመሬት እንዳይጠፋ

የባህል መድኃኒት ነገር በተነሣ ቁጥር እኛ ተማሪዎች በሁለት እንከፈላለን። አንደኛው ወገን ሥር ማሽና ቅጠል መበጠስ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ አባቶች የፈተኑትን ቤተ ሙከራ ሊመረምረው አይገባም ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ሥሩን ያስጠፉታል፤ የፊተኛው በንቀት፣ የኋለኛው በመቆፈር።

በምሳሌ ላስረዳ። ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበው ሞልቤሪ የተባለ ዛፍ የሥሩ ልጥ በቻይና ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚህ ልጥ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ንጥረ ነገሩ መልኩ ስኳር ስለሚመስል፣ በአንጀት ውስጥ ምግብን ወደ ግሉኮስ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያታልለዋል። የማይከፍት ቁልፍ በቀዳዳው ገብቶ ትክክለኛውን ቁልፍ እንደሚከለክል፣ እንዲሁ በስኳሩ ቦታ ገብቶ ሥራውን ያግድበታል። በዚህም ምክንያት ከምግብ በኋላ የደም ስኳር ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚሁ አወቃቀር በመነሣት የተሠራው ሚግሊቶል የተባለ የስኳር በሽታ መድኃኒት በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ልብ እንበል፤ ኪኒኑ የሚሠራው ከግሉኮስ ተነሥቶ በባክቴሪያ ረዳትነት ነው እንጂ ዛፍ ተነቅሎ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቀበርቾ በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለገበያ የሚወጣውም ሥሩ ነው። ለድንገተኛ ሕመም የሚታኘከው ድንገተኛም እንዲሁ በሥሩ ይፈለጋል። ቅጠል የቆረጠ ተክሉን ያቆየዋል፤ ሥር የነቀለ ግን የከርሞውን መድኃኒት ጭምር ይነቅላል። ይህን ስል ቆፋሪውን ገበሬ መውቀሴ አይደለም፤ እርሱ የሚኖረው በዚያው ነው። ወቀሳው የሚገባው ለእኛ ለተማርነው ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችን «የሥሩ ጭማቂ ኢንዛይሙን አገደ» በሚል ቃል አይዘጋ። በብልቃጥ ውስጥ ያገደ ሁሉ በሰው ሆድ መድኃኒት አይሆንም፤ የማይነካውንም ኢንዛይም ሊያግድ ይችላል። የሚያግደው የትኛው ንጥረ ነገር ነው? በቅጠሉስ ውስጥ አይገኝምን? ተክሉ በጓሮ እንዴት ይባዛል? እነዚህን ሳንመልስ አንመረቅ። ዕውቀቱን የሰጡንንም ዐዋቂዎች አንርሳ፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰቡን መብት አስፍሮታል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ሥሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ምርምር ለማንም አይፈይድም። መመርመርም መትከልም ዛሬ ነው።